ወደ ድራመንድ ሐይቅ በታንኳ፦ በቨርጂንያው ረግረግ ውስጥ ለምትቀዝፉ

እናቴ ከባሕር ዳር በደወለች ቁጥር «ያ የምትገባበት ውኃ ጉማሬ አለበት ወይ?» ትለኛለች። የለበትም እላታለሁ፤ አታምነኝም። አልፈርድባትም። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያደገ ልጅ ደንገል መካከል ሲገባ መጀመሪያ የሚያዳምጠው የጉማሬ ትንፋሽ ነው። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሬም ረግረግ ውስጥ ስገባ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል።

በአሌክሳንድሪያና በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ «ቅዳሜ ቅዳሜ ታንኳ መኪናህ ላይ ጭነህ የት ነው የምትጠፋው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የምሄደው ዲዝማል ስዋምፕ ወደሚባለው ረግረግ ነው። ዲዝማል ማለት ጨፍጋጋ፣ ልብ የሚያከብድ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው በሰኔ የገባ መሆን አለበት። በረግረጉ ምሥራቃዊ ጠርዝ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቦይ አለ፤ ከቨርጂንያዋ ቼሳፒክ ከተማ፣ ዲፕ ክሪክ ከተባለ ሰፈር ተነሥቶ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሳውዝ ሚልስ ላይ ያበቃል። ቁፋሮው በ1793 ተጀምሮ ቦዩ በ1805 ተከፈተ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ ዛሬ ጀልባ ይሄድበታል።

ሙሉውን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መቅዘፍን ለጀማሪ አልመክርም። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከቀዘፋችሁ በኋላም ፊታችሁ ያለው ያው የዛፍ ግድግዳ ነው፤ ከአንድ ወገን ደግሞ የመንገድ 17 የመኪና ድምፅ ይሰማል። እኔ የምወደው ከዋናው ቦይ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ ወደ ድራመንድ ሐይቅ የሚወስደውን ጠባብ መጋቢ ቦይ ነው፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጠዋት ገብታችሁ ከሰዓት በኋላ ልትወጡ ትችላላችሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ስለዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ወቅቱን ምረጡ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር። በሰኔና በሐምሌ አትሂዱ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በሰኔ መጨረሻ ነበር፤ የእህቴን ልጅ ይዤ። እዚያ ቢጫ ዝንብ የሚሉት ፍጥረት አለ። እንደ ትንኝ አይወጋም፤ ቆርሶ ነው የሚሄደው። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር፤ እህቴ ለሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። በሚያዝያ ግን ዝንቡ ገና ነው። የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ ወፍ ከውኃው በላይ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ ስትዘምር ትሰማላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሳይፕረስ የሚባሉት ዛፎች ዝገት ይመስላሉ። እኛ አገር ‹የፈረንጅ ጥድ› የምንለው ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የኛው ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ይህኛው ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይከርማል፤ ግንዱ ውኃው ውስጥ እንደ ጎልማሳ ጭን ተወጥሮ ይቆማል።

ታንኳ አትግዙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ እንደኔ ከያዛችሁ ግዙ። የኔዋ ቤት ከሚቀይር ጎረቤት በርካሽ የገዛኋት አረንጓዴ ካኑ፣ ማለትም ከላይ ክፍት የሆነች ታንኳ ናት፤ አምስት ሜትር ትሆናለች። ለሁለት ሰውና ለስንቅ ላይዋ ከተሸፈነችው ከካያክ ይልቅ ካኑ ይሻላል፤ ካያክ ውስጥ እግራችሁ ተቀብሮ ስለሚውል ለሽማግሌ ወገብ አይሆንም።

ጣና ዳር ላደጋችሁ ብቻ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደንገል ታንኳ የታሰረ ነዶ ነው፤ ከላዩ ትቀመጣላችሁ፤ ውኃ በመካከሉ ቢያልፍም አይሰጥምም፤ ችግሩ መጠጣቱና መክበዱ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከወደብ ሲገባ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት ሰዎች ላዩ ላይ ቆመው ሲገፉ አይቼ ነው ያደግሁት። ካኑ ግን ባዶ ጎድጓዳ ነው። ከቆማችሁበት ይገለበጣል። ይህን የማውቀው ስለቆምኩ ነው። መጋቢው ቦይ ውስጥ አንድ የወደቀ ግንድ መንገድ ዘግቶብን፣ እንደ ዘጌ ሰው ልግፋው ብዬ ተነሣሁ፤ በሚቀጥለው ቅጽበት ደረቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ነበርኩ። የገረመኝ ውኃው አልነበረም። እግሬ መሬት አላገኘም። ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰመጠና አንዱን ሳወጣ ሌላው ይገባል። የእህቴ ልጅ ባይስበኝ ኖሮ ጫማዬን ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር እዚያ እተው ነበር።

በዚያው ክረምት ሞዘስ ግራንዲ ስለሚባል ሰው አነበብኩ። በዚሁ ቦይ አጠገብ በካምደን አውራጃ በባርነት የተወለደ፣ በኋላም በዚሁ ቦይ ላይ ጀልባ የነዳ ሰው ነው። ነፃነቱን ለመግዛት ለሁለት ጌቶች ለእያንዳንዳቸው 600 ዶላር ከፍሎ ሁለቱም ከዱት፤ በሦስተኛው ነው የተሳካለት። በ1843 ለንደን ላይ በታተመው ታሪኩ ቦዩን የቆፈሩት ባሪያዎች እስከ ወገባቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጭቃና ውኃ ውስጥ ሆነው ሥሩን እየቆረጡ ይሠሩ እንደነበር ይናገራል። ጉልበቴ የቀመሰውን ጭቃ ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለውን ዋና ቦይ ሳየው ማስመሪያ አልለውም። እኔ በየቀኑ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ የምነዳበት መንገድ በጆርጅ ዋሽንግተን ስም የተሰየመ ነው፤ ዋሽንግተንም በ1763 ከሸሪኮቹ ጋር ይህን ረግረግ አድርቆ ለማረስ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ረግረጉ አልደረቀላቸውም። ዛፉን ቆርጠው የጣሪያ ክዳን እየሠሩ ነው የተጠቀሙት።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩ በሕግ ግዴታ ነው፤ እኔ ደግሞ ከታንኳዋ ወለል ላይ ሳይሆን ከገላችሁ ላይ ይሁን እላለሁ። መቅዘፊያ ሁለት ሳይሆን ሦስት ያዙ፤ አንዱ ይንሳፈፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። እጅጌው ረጅም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ሸሚዝ። የሚደርቅ ካልሲ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ፤ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ገመድ አሥር ሜትር። የስልክ ሲግናል ዛፎቹ መካከል ሊጠፋ ስለሚችል ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልኩ ላይ አስቀምጡ፤ ትንሽ ኮምፓስም ያዙ፤ ለምን እንደሆነ ሐይቁ ጋር ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስንቅ በተመለከተ ለፈረንጆቹ የቸኮሌት ዱላ ተውላቸው። በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ አይበላሽም፤ ድስት አይፈልግም፤ እጅ ታጥቦ በውኃ ማሸት ብቻ ነው። ቆሎም ዳቦ ቆሎም ያዙ። ለቀኑ ለአንድ ሰው አራት ሊትር ውኃ። ‹ውኃ መካከል ውኃ ተሸክሜ?› አትበሉ። የረግረጉ ውኃ ወተት ያልገባበት ሻይ ይመስላል፤ ቀለሙን የሚያገኘው ከዛፎቹ ቅርፊትና ከበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ኮምጣጣነትም አለው። ድሮ መርከበኞች ባሕር ላይ ቶሎ ስለማይበላሽ በበርሜል እየሞሉ ይወስዱት ነበር። እነሱ ምርጫ አልነበራቸውም።

ከዋሽንግተን ጎሕ ሳይቀድ ውጡ። መንገዱ መኪና ካልበዛበት አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ሐምፕተን ሮድስ ያለው ከባሕር በታች የሚያልፈው ዋሻ ላይ የመኪና ሰልፍ ከጀመረ ግን ልትቀዝፉበት ያሰባችሁት ጠዋት እዚያ ያልቃል። ቦዩ ዳር የሕዝብ የጀልባ ማውረጃ አለ፤ መኪናችሁን አቁማችሁ ታንኳዋን ዝቅ አድርጉ። ከባዱ ዕቃ መካከል ላይ፣ ከባዱ ሰው ከኋላ። ስትገቡ አንዱ ጠርዟን ይያዝ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ በወለሏ መሐል ይርገጥ።

ወደ ዲፕ ክሪክ ጎራ ለማለት ጊዜ ካላችሁ የውኃ በሩን እዩ፤ ሎክ ይሉታል። በቦዩ ሁለት ጫፎች አንድ አንድ አለ፤ የሚያንቀሳቅሱት የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ናቸው። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፤ የኋላው ይዘጋል፤ ከላይ ውኃ ይለቀቅበታል፤ ጀልባው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል፤ የፊተኛው ይከፈታል። ፓምፕ የለም፤ ውኃው በራሱ ክብደት ነው የሚሠራው። በር በተከፈተ ቁጥር ያ ሁሉ ውኃ ወደ ባሕር ይሄዳል። የሚተካው ከየት ይመስላችኋል? ከድራመንድ ሐይቅ ነው፤ እናንተ በምትገቡበት መጋቢ ቦይ በኩል። ለዚሁ ሲባል በ1812 የተቆፈረ ነው። ስለዚህ ስትሄዱ ውኃው ከፊታችሁ ይመጣል፤ ቀስ ያለ ቢሆንም አለ። ስትመለሱ ደግሞ ይሸኛችኋል። ጉልበታችሁን በዚሁ መጠን ከፋፍሉ።

የመጋቢውን ቦይ አፍ ስትገቡ የመኪናው ድምፅ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ላይ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ከኋላ ያለው ሰው ነው መሪው፤ የፊተኛው ጉልበት ብቻ ይስጥ፤ ሁለቱም ሊመሩ ከሞከሩ ትዳር እንኳ አይተርፍም። ካኑ በቀኝ ስትቀዝፉ ወደ ግራ፣ በግራ ስትቀዝፉ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ሰው ይህን ለማስተካከል መቅዘፊያውን ከጎን ወደ ጎን ሲያቀያይር ውሎ ጭኑን ሁሉ ያርሳል። እንዲህ አድርጉ፦ በአንድ ጎን ሳቡ፤ መቅዘፊያው ዳሌያችሁ ጋር ሲደርስ የላይኛውን እጃችሁን አውራ ጣት ወደ ታች አዙሩና ውኃውን ከታንኳዋ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጉት። ታንኳዋ ትቃናለች። መጀመሪያ ላይ ያንገዳግዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ሌላም አለ፤ መቅዘፊያው የታንኳዋን ጠርዝ ሲመታ ድምፁ ውኃው ላይ ሩቅ ይሄዳል። ኤሊዎቹ ከግንዱ ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ፤ እናንተ ስትደርሱ ባዶ ግንድ ነው የምታዩት። እኔ ጠርዙን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። አንድ ጥቅምት እንዲህ ዝም ብለን ስንሄድ ጥቁር ድብ ቦዩን በዋና ሲያቋርጥ ከፊታችን አየን፤ ራሱ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ወጥቶ እንደ ውሻ ተራገፈና ሳያየን ጫካው ገባ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፎቶ አነሣህ?» አለኝ። መቅዘፊያ በሁለት እጄ ይዤ በምን ላንሣ?

እባብም አለ። መርዛማ የሆኑ ሦስት ዓይነቶች አሉ፤ ውኃ የሚወደው አፉን ሲከፍት ውስጡ ጥጥ ይመስላል። ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር አትለፉ፤ ካለፋችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። አያሳድድም። እጃችሁን ያላያችሁት ቦታ ላይ አታሳርፉ፤ ይኸው ነው።

የቦዩ መጨረሻ ላይ የሐይቁን ውኃ የሚቆጣጠር ትንሽ ግድብ አለ። ከሩቅ ይታያልና ቀድማችሁ ወደ ማረፊያው ተጠጉ። ከታንኳ ወርዳችሁ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ ሠረገላ ታገኛላችሁ፤ ታንኳችሁን ጭና በኤሌክትሪክ ወደ ላይኛው ውኃ ትወስዳለች፤ እስከ 1000 ፓውንድ፣ ማለትም 450 ኪሎ ገደማ ትችላለች። ካልሠራች በትከሻ ነው። አጠገቡ ሌሊት ማደር ለሚፈልግ በነፃ የሚሰጥ የማደሪያ ቦታ፣ ጠረጴዛና መጸዳጃ አለ። ካደራችሁ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ድቡ በሶ አያውቅም ብላችሁ አትተማመኑ። እሳት ከተፈቀደው ምድጃ ውጭ አታንድዱ። እዚህ መሬቱ ራሱ ማገዶ ነው፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተከመረ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ነው፤ ሲደርቅ ከሥር ሆኖ ይጨሳል። በ2011 ነሐሴ መብረቅ ያስነሣው እሳት 111 ቀን ነድዷል፤ በመካከሉ የመጣ የአውሎ ነፋስ ዝናብ እንኳ አላጠፋውም።

ከግድቡ ጥቂት እንደቀዘፋችሁ ዛፉ ይከፈትና ሐይቁ ፊታችሁ ይዘረጋል። ድራመንድ ክብ ነው፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ጸጥ ባለ ቀን ጥቁር መስተዋት ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቀዘፋውን አቁሞ አፉን ይከፍታል። እኔም ከፍቼ ነበር፤ ከዚያም ወደ መካከል ቀዘፍኩ። ስህተቴ ወደ ኋላ ዞሬ አለማየቴ ነው። ለመመለስ ስዞር ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ዛፍ ነው። የገባሁበት የቦይ አፍ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ በዳርቻው ስንከራተት፣ ፀሐይም እያዘቀዘቀች፣ ልጁ ዝም ብሎ ነበር፤ ዝምታው ከስድብ ይከፋ ነበር። ስለዚህ ከቦዩ እንደወጣችሁ ታንኳዋን አዙራችሁ አፉን ከሐይቁ ወገን እዩት፤ ፎቶ አንሡ፤ የኮምፓስ አቅጣጫውን ያዙ። አፉ በሐይቁ ምሥራቅ ነው። እኔ ዛሬም ቀይ ጨርቅ ዳር ያለ ቅርንጫፍ ላይ አስርና ስመለስ ፈትቼ እወስዳለሁ።

ነፋስ ካለ መካከሉ አትግቡ። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ቶሎ ይናወጣል፤ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያስነሣል። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። በዳርቻው፣ በሳይፕረሶቹ መካከል ሂዱ፤ ውበቱም እዚያ ነው። እዚያ ስትደርሱ ለጥቂት ጊዜ መቅዘፊያውን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በዚህ ረግረግ ውስጥ ባሉ ደረቅ ጉብታዎች ላይ ቤት ሠርተው ለትውልዶች ኖረዋል። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ለዓመታት የቤቶቻቸውን ምልክት ሲፈልጉ ቆይተዋል። የሰው ልጅ እዚህ ጭቃ ውስጥ ልጅ እስከማሳደግ የደረሰው ከውጭ ያለው ምን ቢሆንበት ነው? እኔ እዚያ ስቀመጥ ትንኙንም ጭቃውንም ማማረር ያሳፍረኛል፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል።

ሰባት ሰዓት ላይ ከሐይቁ ተነሡ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ውኃው ስለሚሸኛችሁ ማውረጃው ጋር ስትደርሱ ገና ብርሃን ነው።

ታንኳዋን መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት የምታደርጉት አንድ ሥራ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በሞቃት ወራት ዋናው ቦይ ምስር በሚያህሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ይሸፈናል፤ ከሩቅ ሣር ይመስላል፤ ከታንኳዋ ሆድና ከገመዱ ጋር ተጣብቀው ይወጣሉ። ገልብጡዋት፤ ውኃውን አፍስሱ፤ በጨርቅ ጥረጉዋት፤ ሌላ ሐይቅ ከመግባቷ በፊት ፀሐይ ላይ ትድረቅ። ያ እሳት በነደደበት በዚያው 2011 ነበር እምቦጭ ጣና ላይ ታየ የሚል ወሬ ከቤት የደረሰኝ። መጀመሪያ ከወዴት እንደገባ እናቴን ስጠይቃት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ይዞት መጥቶ ይሆናል» አለችኝ። እኔ ታንኳዬን ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ፤ የእህቴ ልጅ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀኛል።